ለመሆኑ፣ የተነሣው ሰው ስም ማን ነው?

ቆቦ ሲባል ለምለም የማሽላ ማሳ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ራያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ኮረም ሲባል ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው አንድ ምስል ነው፤ ብርድ ልብስ የተከናነበች እናት፣ እቅፏ ውስጥ የተጨማደደ ሕፃን፣ ከበስተኋላቸው የማለዳ ጭስና ጉም። ዕድሜው ጠና ያለው ሰው ይህን ምስል በቴሌቪዥን መስኮት አይቶታል፤ ልጁ ደግሞ እንደ ርስት ከአባቱ ተረክቦታል። ከዚህ ሌላ ራያን የምናውቅበት ምስል ቢኖር በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ የሚመጣው ነው፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጌጧን ደርድራ ሶለል የምትጨፍር ልጃገረድ። ረኀብና በዓል፤ በቃ! በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት መቶ ምናምን ቀን ማንም ያላነሣው፣ ማንም ያላየው ባዶ ወረቀት ነው።

ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ባዶ ወረቀት ናት። ክርክሬም አጭር ነው። የተነሣውን ሰው ስሙን ሳይጠይቁ፣ ምስሉንም ሳይሰጡ ይዘውት የሄዱት ፎቶግራፍ የተዘረፈ ንብረት ነው እላለሁ። ዘራፊው ደግሞ ፈረንጅ ብቻ አይደለም። እኛም አለንበት። እኔ ራሴ አለሁበት። ስለዚህ ሌላውን ከመክሰሴ በፊት የራሴን ኃጢአት ልናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ 29 ቀን፣ ረቡዕ፣ ቆቦ ነበርኩ። ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረኝም። አንድ የቆቦ ልጅ የሆነ አስተማሪ ወዳጅ አለኝ፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሥራ ፈትቶ ስለነበር፣ «ና፣ ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይወጣ አገሩን በእግርህ እየው» ብሎ ጠርቶኝ ነው። ማለዳ ሻይ ጠጣን፤ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ከከተማው ወጥተን ፊታችንን ወደ ዞብል ተራሮች አዙረን ማዝገም ጀመርን።

አገሩን ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ቆቦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ያለች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ግድም ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። በምዕራብ የጊዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ በምሥራቅ ዞብል አለ፤ መሐሉ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ የሚጥለው ዝናብ አያስተማምንምና የራያ ገበሬ በክረምት ዓይኑን የሚተክለው በራሱ ሰማይ ላይ ሳይሆን በምዕራቡ ተራራ ላይ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እንደ ሆርማት ያሉት፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው ወንዞች ድንገት ደራሽ ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። ሌላው አገር ጎርፍ ሲመጣ ይሸሻል። የራያ ገበሬ ግን በአፈርና በቅርንጫፍ እየገደበ፣ መንገድ እያስለወጠ፣ ጎርፉን ወደ ማሳው ያስገባዋል። ስሙንም «ጠለፋ» ይለዋል። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ምሕንድስና ነው። ራያን ጠባቂና ተመጽዋች አድርጎ የሚያሳይ ምስል በየቤታችን ገብቷል፤ ይህን ጎርፍ ጠላፊ ራያ ግን ስንቶቻችን አይተነዋል?

ያን ዕለት እኔ አየሁት። ሌሊት ወርዶ በነበረው ጎርፍ የተናደ ክትር የሚጠግን ገበሬ ነበር፤ ግልድሙን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ውጦት፣ በአካፋ አፈር ይደለድላል። አነሣሁት። ቢጫ ጀሪካን ያዘሉ ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ አለፉ። አነሣኋቸው። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ከበቡን፤ አሸዋ ውስጥ የተቀረቀረ ባጃጅ ተጋግዘው የሚገፉ ሰዎችም አገኘን። ሁሉንም አነሣሁ። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ስለነበር በመሐሉ ስንሄድ የምንሰማው የቅጠሉን ኮሽታ ብቻ ነው። ወዳጄ እየዳሰሰ ስሙን ይነግረኛል፤ «ይኼ ጅጉርቴ ነው፤ ያኛው ደጋሊት።» እኔም እየተከተልኩ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የማሽላውን ስም ጻፍኩ።

አንድ ቦታ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ አስቆመንና «ማን ፈቅዶልህ ነው የምታነሣው?» አለኝ። ማሽላ እንደሆነ ብነግረው አላመነኝም። «ማሽላ ምን ይሠራልሃል? ዛሬ በዓል አይደል!» አለ። ሳቅን፤ አሳቅነው፤ አለፍን። በኋላ ሳስበው ግን የሰውየው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። በዓል ካልሆነ ወይም መከራ ካልመጣ ካሜራ ምን ሊሠራ ይመጣል? እኛው ነን እንዲህ ያስለመድነው።

ወደ አመሻሹ ላይ ሦስት ግመሎች እየነዱ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ፀሐይዋ ከደጋው ጫፍ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል፤ ሰማዩ ቀልቷል። እኔም የፎቶ አንሺነት ስስቴ ተነሣ። ከምሥራቅ በኩል ዞሬ ቆምኩና «አባባ፣ አንዴ ይቁሙልኝ» አልኳቸው። ቆሙልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ልታደርገው ነው የምታነሣኝ?»

«አገሩን ለሰው ላሳይ ነው፣ አባባ።»

«ፀሐዩ እኮ ከጀርባዬ ነው። ፊቴ ይታያል?»

«ይታያል፣ አባባ።»

«ወረቀቱንስ ትልክልኛለህ?»

«እልካለሁ፤ ምን ገዶኝ!»

ፊታቸው እንደማይታይ አውቅ ነበር። የፈለግሁትም እንዳይታይ ነው። ቀይ ሰማይ፣ ጥቁር የግመል አንገት፣ ጥቁር የሰው ቅርጽ፣ ጥቁር ዱላ። ስለ ግመሎቻቸው ጠየቅኋቸው፤ የትኛው ከአፋር እንደተገዛ፣ የትኛው እቤት እንደተወለደ ዘርዝረው ነገሩኝ። ያንንም ጻፍኩ። ተሰነባብተን ቡና ልንጠጣ ወደ ከተማ ስንመለስ ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ስማቸውን ግን አልጠየቅሃቸውም» አለኝ።

«ምን ያስፈልጋል? ፎቶው ራሱ ይናገራል» አልኩት።

«እንግዲያው ስማቸውን ይንገረኛ!»

ነገሩን በቀልድ አለፍኩት። ፎቶግራፉን በዓመቱ አንድ የግድግዳ ካላንደር ላይ አወጣሁት። ሥሩ የተጻፈውን ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ «ምሽት በራያ» ይላል። ብዙ ሰው አመሰገነኝ። ለሽማግሌው ግን ወረቀቱን አልላክሁላቸውም። ነገ እልካለሁ፣ ከነገ ወዲያ እልካለሁ ስል፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ የራያን ማሽላና ጤፍ ጨረሰው፤ ካሜራውም ሁሉ ለወጉ ተመልሶ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ተነሣ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ቆቦን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ መንገዱም ስልኩም ባንኩም ተቋረጠ።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ወዳጄ ደወለልኝ። በሕይወት መኖሩን ከሰማሁ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ሽማግሌው ኅዳር ላይ ታመው፣ መድኃኒትም ሐኪምም በሌለበት ዐርፈዋል። «ልጃቸው ፎቶግራፉን ትፈልጋለች» አለኝ። አባቷ ለካ ያን ጊዜ ቤት ገብተው «አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አንሥቶኛል፤ ይልከዋል» ብለው ነግረዋት፣ ሰዎቹ ስትጠብቅ ኖራለች። ያነሣኋቸውን ሁሉ አወጣሁና ተራ በተራ አየሁ። በአንዱም ላይ ፊት የለም። የተሻለውን መርጬ፣ ብርሃኑን ጨምሬ፣ ይሆናል ብዬ በስልክ ላክሁት። ልጅቱ አይታው እንዲህ አለች ብሎ ወዳጄ ነገረኝ፦

«ግመሎቹስ የኛ ናቸው። ሰውዬው ማን ነው?»

ከዚህ በላይ የሚከስሰኝ ዐቃቤ ሕግ አልፈልግም።

* * *

ፎቶግራፉ በመጨረሻ የተገኘው ከየት ይመስላችኋል? ከከተማው ፎቶ ቤት። ሽማግሌው ከዓመታት በፊት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ተነሥተው ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ቁጥሩንና ስማቸውን በደብተር መዝግቦ፣ ምስሉን በሲዲ አስቀምጦ ኖሯል። በጦርነቱ ጊዜ ሲዲዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ እቤቱ በመደበቁ ተርፈዋል። አሳድጎ አጠበላት። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። እኔም በወዳጄ ስልክ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ፊት ለፊት ይመለከታሉ፤ ሁለቱም ጆሯቸው ይታያል፤ ፈገግታ የለም። በጥበብ መለኪያ ቢመዘን ተራ ፎቶ ነው። ልጅየው ግን እሱን ነው «አባዬ» የምትለው፤ የእኔን አይደለም።

እስቲ ይህን የፎቶ ቤት ሥራ እንመርምረው። እኛ «አርቲስቶቹ» ስንስቅበት የኖርነው ሥራ ነው። ሰው ይገባል፤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ «ቀና ይበሉ! ጆሮዎ ይታይ!» ይባላል። ከዚያ ስሙ ይጻፋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ለማክሰኞ ይምጡ» ይባላል። ማክሰኞ ሲመጣ ምስሉን በእጁ ይዞ ይሄዳል። አራት ነገሮች ናቸው፤ ፈቃድ፣ ስም፣ ቀንና ርክክብ። ከፋዩ የተነሣው ሰው ስለሆነ የምስሉ ጌታም እሱ ነው። ከውጭም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ራያ የወጡት ትልልቅ ካሜራዎች ከነዚህ ከአራቱ ስንቱን አድርገዋል?

ታሪኩን እንይ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲያልቅ ገናናው መንግሥት ዝም አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያመጡት ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ለተማሪ ታየ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኀብ» የተሰኘውን ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። እንግዲህ አስቡት፤ የወሎ ገበሬ ፊት ንጉሠ ነገሥት አውርዷል። ይህን ያህል ሥራ የሠራ ፊት ግን ስም አልነበረውም። ንጉሡን ያወረዱት «ረኀብተኞች» ናቸው፤ እገሌና እገሊት አልተባሉም።

በ1977 ዓ.ም.ም እንደዚያው ሆነ። ደርግ በመስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ይረግፉ ነበር። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ደረሱ። ኮረም ማለት ከአላማጣ ተነሥቶ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ የምትገኝ፣ ከቆቦ ሩቅ ያልሆነች ደገኛ ከተማ ናት። ዘገባቸው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ታየ፤ ከ400 በላይ የዓለም ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት፤ በዓመቱ ሐምሌ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተደገሰ። ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም በዚያው ዓመት ኮረም ላይ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ ይታያሉ።

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ አንባቢ እንዳለ ይገባኛል። «እነዚያ ምስሎች ባይኖሩ እኮ እህሉ አይመጣም ነበር! ስንት ነፍስ ድኗል!» ይለኛል። ልክ ነው። አልክድም። ሞሐመድ አሚን በኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው፤ ውለታውን የሚረሳ ኢትዮጵያዊ ካለ ውለታ ቢስ ነው። ረኀብን መደበቅ ረኀብን ከማሳየት እጅግ የከፋ ወንጀል መሆኑን ከንጉሡም ከደርግም ተምረናል። ስለዚህ «ረኀባችንን አታሳዩ» የሚል ክርክር የለኝም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ነፍስ ለማዳን የሚጣደፍ ሰው ስም ለመጠየቅ ጊዜ አጣ እንበል። እሺ። ከዚያ በኋላ ያሉት አርባ ዓመታትስ? ያ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ሲሆን፣ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ሲሸጥና ሲሸለም አንድ ሰው ተመልሶ ኮረም ወጥቶ «ይህች እናት ማን ትባል ነበር? ተርፋለች ወይስ ሞታለች?» ብሎ ለመጠየቅ የቸኮለበት ጉዳይ ምንድን ነበር?

ሲፈለግ እንደሚገኝማ ታይቷል። ትግራይ ውስጥ ልትሞት ስታጣጥር የተቀረጸችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ እንደምትባል ታወቀ፤ በ1997 ዓ.ም. ለንደን በተደረገው «ላይቭ 8» መድረክ ላይ ወጣት ሆና ቆመች። ስሟ ሲታወቅ ምን እንደሆነ አስተዋላችሁ? «የረኀብ ምልክት» የነበረችው በአንድ ቀን ሰው ሆነች፤ ትምህርት ያላት፣ አባት ያላት፣ የምትናገር ሰው።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ያነሣቻት፣ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ የተደፉባት ችግረኛ እናት በዓለም ላይ ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ሆናለች፤ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መባሏ የተሰማው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ኮረም በተቀረጸችበት በዚያው በ1984 ስቲቭ ማኬሪ ያነሣት አረንጓዴ ዓይኗ አፍጋናዊት ልጅም ሻርባት ጉላ እንደምትባል የታወቀው በ2002 ነው። ላንግም ማኬሪም የተመሰገኑ ባለሙያዎች ናቸው። «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጨዋ መሆን ይበቃል። እኛ አገር ሰው እንግዳ ሲያገኝ አስቀድሞ ምን ይጠይቃል? «ማን ልበል?» አይደለም ወይ?

* * *

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። «ገጽታ ግንባታ» የሚባል ነገር መጥቶብናል። ፈረንጅ በረኀብ አሳይቶናልና እኛ በውበት እናሳይ ይባላል። ጥሩ! ግን ምን አመጣን? የፈገግታ ፖስተር። በነሐሴ 16 ለሶለል የሚጎርፈው ካሜራ በ23ኛው ቀን የት ይገባል? ያቺ ጌጧን ደርድራ የተነሣች ልጅ ለአውሮፕላን መጽሔት፣ ለሆቴል ግድግዳ፣ ለካላንደር ትሆናለች፤ ከሥሯ «የራያ ቆንጆ» ይባላል። «የወሎ ረኀብተኛ» እና «የራያ ቆንጆ» በሚሉት መካከል በመሠረቱ ምን ልዩነት አለ? ሁለቱም ስም አይደሉም። ሁለቱም ሰውየውን ጠቅልለው የአገር ዕቃ ያደርጉታል። አንደኛው ለልመና፣ ሌላኛው ለገበያ።

የአዲስ አበባ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። የምኒልክን ጊዜ ጀምሮ የአርመኖቹ የቦያጅያን ቤተሰብ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሣ ኖሯል፤ ራስ እገሌ፣ ወይዘሮ እገሊት እየተባለ ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የከተማዋ ቤተሰቦች አሮጌ አልበሞች ተሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ ታትሟል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው የአዲስ ፎቶ ፌስትም ኢትዮጵያዊው ራሱን በራሱ ዓይን እንዲያይ በር ከፍቷል። እሰየው! ግን የቆቦን አልበም ማን ይሰብስበው? የሮቢትን፣ የጎብዬን፣ የዋጃን? መጋረጃ ላይ በተሳለ አበባ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው የተነሡት ሙሽሮች፣ ወታደር ሊሆን ሲሄድ ለእናቱ ማስታወሻ የተነሣው ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ሲያልፉ የተነሡት ጓደኛሞች የት ነው ያሉት? ጦርነቱ ካልበላቸው ምስጥ ይበላቸዋል።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ውስጥ ስለተገደሉት ሲቪሎች ከነዋሪዎች የሰበሰበውን ምስክርነት አውጥቷል። እንዲህ ያለ ቀን ሲያልፍ ለሟች የሚቀረው ስሙና መልኩ ነው። ስሙና መልኩ በአንድ ወረቀት ላይ ያልተገናኙለት ሰው ቁጥር ውስጥ ይገባና ይጠፋል። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉትም ይህን አውቀው ነው። ወረቀቱ ስሙን ካልያዘ ግን ምኑን ሊይዝ ነው?

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀሩኛል። አንደኛው የአርቲስቱ ነው፤ «ጥበብ ስም አያስፈልጋትም፤ ጥላም ውበት ነው» ይላል። ጥላ ውበት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ሸጬዋለሁና። ጥላውን አንሣ፤ ማን ከለከለህ? ግን ከጥላው ቀጥለህ አንድ እርምጃ ዙርና ፊቱንም አንሣለት። አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለሱ። ያን ቀን አንድ እርምጃ ብዞር ኖሮ ዛሬ ይህችን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ «በዚህ ዘመን ስም መጻፍ ሰውን አደጋ ላይ ይጥላል» የሚለው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት ካሜራ የያዘም፣ በካሜራ የተያዘም እንደሚፈራ አልስተውም። መልሴ ይህ ነው፤ ስም መጠየቅና ስም ማተም ሁለት ነገር ናቸው። ስሙ የሰውየው ነው፤ አትሙ ካለ ይታተማል፤ አታትሙ ካለ በደብተርህና በወረቀቱ ጀርባ ይቀመጣል። የሽማግሌውን ስም ዛሬ አውቀዋለሁ። እዚህ ግን አልጻፍኩትም። ለምን? ልጃቸውን አስጠይቄ «ስሙ እቤታችን ይበቃዋል» ስላለች ነው። አልጠየቅሁም ብዬ ከመሸሽ፣ ጠይቄ ተከልክዬ ዝም ማለት ይሻለኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለፎቶ አንሺው፦ ካሜራህን ከማውጣትህ በፊት ደብተርህን አውጣ፤ የገባኸውንም ቃል ፈጽም፤ አንድ ወረቀት ማሳጠብ አያደኸይም። ለመጽሔትና ለጋዜጣ አዘጋጆች፣ ይህን መጽሔት ጨምሮ፦ «የአካባቢው ነዋሪ»፣ «አንዲት እናት»፣ «ገበሬ» ተብሎ የሚመጣላችሁን ፎቶግራፍ «ስሙ የት አለ? ያልጻፍክበትስ ምክንያት?» ብላችሁ መልሱት፤ ስም የሌለው ዜና ቢመጣላችሁ ታትሙታላችሁ ወይ? ለምሁራን፦ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከቆቦ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ የፎቶ ቤቶቹን ደብተርና ኔጋቲቭ እየገለበጡ ማስቀመጥ ለታሪክ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ የለም። አዲስ አበባ ያለው ወመዘክርም ከወርቅ ብራናው ጎን ለእነዚህ ጉርድ ፎቶዎች አንድ መደርደሪያ ቢሰጥ አይጠብበውም።

ከሁሉም በላይ ግን ተራውን ቀን እናንሣው። ረኀብ ሲመጣ ራያ ረኀብ ብቻ መስሎ የታየን፣ ረኀብ ያልነበረበትን ቀን የሚያሳይ ምስል በእጃችን ስላልነበረ ነው። የሚናድ ክትር የሚጠግን ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቀድሞ ያወቀ፣ ያ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲያየው «ምን አግኝቶት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «እነሱማ እንዲሁ ናቸው» አይልም።

የዚያ ረቡዕ ምስሎች አሁንም እኔ ዘንድ አሉ። ከሽማግሌው ሌላ ፊታቸው በደንብ የሚታይ አሥራ አንድ ሰዎች አሉባቸው፤ ክትር ጠጋኙ፣ ጀሪካን ያዘሉት ሁለቱ ሴቶች፣ ፍየል ጠባቂዎቹ፣ ባጃጅ ገፊዎቹ። አሳጥቤ ለወዳጄ ልኬለታለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር ይዞ እየዞረ ይጠይቅልኛል። የአራቱን አገኘ፤ ስማቸውንና ቀኑን በጀርባው ጽፎ አስረከባቸው። ክትር የሚጠግነው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ «ይኼን ሁሉ ዓመት የት አስቀምጣችሁት ኖሯል?» አለው አሉ።

ሰባት ሰው ይቀረኛል። ለእናንተስ ስንት ይቀራችኋል?